ከለንደን ወደ ብሮድዌይ፦ የአዳራሹ ስፋት ይታሰብበት

ለአዘጋጁ፦

በለንደን የተወደደ ሙዚቃዊ ተውኔት ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትሮች መናኸሪያ) ላይ የሚሳካለት ታሪኩ ለአሜሪካውያን ቅርብ ሲሆን ነው የሚለው አስተያየት አያሳምነኝም። «ታሚ ፌይ» የአንዲት አሜሪካዊት የቴሌቪዥን ሰባኪ ታሪክ ነው፤ የዜማው ደራሲም ኤልተን ጆን ነው። ይሁንና ከ300 ጥቂት የሚበልጡ መቀመጫዎች ካሉት የለንደኑ አልሚዳ ቴአትር ተነሥቶ ከ1,500 በላይ ተመልካች ወደሚይዘው የብሮድዌዩ ፓላስ ቴአትር ተዛውሮ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ቢመረቅም ወር ሳይሞላው ተዘጋ።

ሌላው ከለንደን የመጣ ሙዚቃዊ ተውኔት፣ «ኦፕሬሽን ሚንስሚት»፣ ግን እንግሊዞች በ1943 ናዚዎችን ሐሰተኛ ሰነዶች በያዘ አንድ አስከሬን ያታለሉበትን ታሪክ ይዞ፣ በአምስት ተዋንያን ብቻ፣ 800 ገደማ መቀመጫ ባለው ጎልደን ቴአትር በ2025 ገብቶ የመታያ ጊዜው በተደጋጋሚ ተራዘመ። ተዋናዩ ጃክ ማሎን የቢሮ ጸሐፊዋን ሄስተርን ሆኖ በሟቹ ኪስ የሚገባውን የፈጠራ የፍቅር ደብዳቤ በዝግታ ሲያዜም ሁሉ ነገር ያለው ፊቱ ላይ ነው፤ ይህ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይባክናል። የብሮድዌይን ታላቅ የቴአትር ሽልማት፣ ቶኒን፣ ያገኘውም በዚሁ ሚና ነው። ጥቂት ተዋንያን ማለት ደግሞ (ትኬቱ ባይረክስም) አነስተኛ ሳምንታዊ ወጪ ማለት ነው።

ስለዚህ የተውኔት አዘጋጆች በትንሽ መድረክ የተወለደን ሥራ ሲያሻግሩ፣ ከ1,000 መቀመጫ ያልበለጠ ቴአትር ለተወሰኑ ሳምንታት ተከራይተው፣ የማራዘም መብትን በውሉ ውስጥ ቢያስገቡ ይበጃል።