ደብዳቤ ለልጄ፦ የልብስ ሰፊው ልጅ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል። ሐኪሙ ደረጃ አታብዢ ብሏታል፣ እሷ መቼ ትሰማለች።

እሁድ ዕለት የነገርሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ብዙም አላወራሁሽ። ስልክ ስይዝ ቃል ያጥረኛል፣ ታውቂኛለሽ። እናትሽም ከጎኔ ሆና «ምን አለች? ምን አለች?» ስትል ማን ከማን ይሰማል። ዛሬ ሱቁን ዘግቼ፣ የስፌት መኪናዎቹን ሸፍኜ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

ነገሩ እንደገባኝ ይሄ ነው። የኦርኬስትራችሁ መሪ ታመመና አንድ ቀን ልምምዱን አንቺ መራሽ። ሁሉም አጨበጨበልሽ። በሳምንቱ ሰውየው ድኖ መጣ፣ አንቺም ወደ ኋላው ረድፍ፣ ወደ ቼሎሽ ተመለስሽ። «አባዬ፣ አንዴ የመሪዋን ዱላ ከያዝኩ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ሞት ሆነብኝ» አልሽኝ። ቀጥለሽ ቼሎውን ልተወው ነው ስትዪ እናትሽ አልሰማችም። እኔም አልነገርኳትም። ቼሎው የተገዛው የእሷ የአንገት ሀብል ተሽጦ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስልኬን ይዤ ስለ ኦርኬስትራ መሪዎች አነባለሁ። ግማሹ አይገባኝም። አንዱ ጋ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር ይላል። መነጽሬን ጠራርጌ ደግሜ አነበብኩት።

ሰውየው አርቱሮ ቶስካኒኒ ነው። አንቺ ታውቂው ይሆናል፣ ለእኔ አዲስ ነው። በፈረንጆች 1867 ፓርማ በምትባል የጣልያን ከተማ ተወለደ። ጣልያን ስልሽ አያትሽ ቢኖሩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ይሄኛው ግን ከሙሶሊኒ ሰዎች ጋር የተጣላ ነው። በ1931 ቦሎኛ ላይ የፋሺስቶቹን መዝሙር አልመራም ብሎ ቲያትሩ በር ላይ በጥፊ መቱት። ስለዚህ አያትሽ ይቅር ይበሉን።

አባቱ ክላውዲዮ፣ ጣልያንን አንድ ለማድረግ የተዋጋውን ጋሪባልዲን ተከትሎ የዘመተ ሰው ነው። ከመርፌው ይልቅ ፖለቲካው ይስበው ነበር አሉ። ቤቱ ውስጥ ገንዘብ የለም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ልብስ ሰፊ እዚህ ፒያሳም አለ፤ ስም አልጠራም።

የልጁን ነገር መጀመሪያ ያወቀችው የትምህርት ቤት መምህርቱ ናት። ግጥም አንዴ ካነበበ በቃሉ ይወጣዋል። ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስገቡት ብላ ወላጆቹን መከረች። በ9 ዓመቱ የፓርማ ኮንሰርቫቶሪ ገባ። ቆይቶም ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ አዳሪ ሆነ። ቼሎ ተሰጠው። ልብ በይ፣ አልመረጠም፤ ተሰጠው።

ምግቡ መከራ ነበር። ዓሣ፣ በማግስቱም ዓሣ። ከዚያ ከወጣ በኋላ ዕድሜ ልኩን ዓሣ አልበላም ይባላል። ሥጋ ሲደርሰው ደግሞ ድርሻውን ለጓደኞቹ እየሸጠ ኖታ ይገዛበት ነበር። አንቺ የእናትሽን በርበሬ ሸጠሽ ኖታ እንደማትገዢ ተስፋ አደርጋለሁ። በ1885 በቼሎም በሙዚቃ ድርሰትም ከፍተኛ ውጤት አምጥቶ ተመረቀ።

በዓመቱ ከአንድ የኦፔራ ቡድን ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሳፈረ። ሥራው ቼሎ መጫወትና ድምፃውያኑን ማለማመድ ነው። ቡድኑ ከብራዚላዊው መሪው ጋር ተጣላና መሪው ጥሎ ወጣ። ጁን 30 ቀን 1886 ምሽት፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የሙዚቃ ደራሲው የቬርዲ ኦፔራ «አይዳ» ሊታይ ነው። አይዳ ግብፅ ውስጥ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ይሄንንም ገና አሁን ነው ያወቅሁት። አባቷ ሊያስመልሳት ጦር ይዞ ይዘምታል። እኔ በርበሬ ነው የምልከው።

ተተኪው መሪ ብቅ ሲል አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ሌላ ሰው ወጣ፤ እሱንም እየጮኹ አስወረዱት። የሚያዝ የሚጨበጥ ጠፋ። ያኔ ድምፃውያኑ ቶስካኒኒን ያዙት። ሙሉውን ኦፔራ በቃሉ እንደሚያውቀው ያውቃሉ። 19 ዓመቱ ነው፣ ያንቺ እኩያ። ወጣ። ፊቱ የተዘረጋውን ኖታ ዘጋው። ዱላዋን አነሣ። ዓይኑ የሩቁን አያይም ነበርና ኖታ ላይ ከማፍጠጥ በቃሉ መያዝ ለምዷል። ሲያልቅ ያ ሲያፏጭ የነበረ ሕዝብ በጭብጨባ ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። የቀረውን ወቅት የመራው እሱ ነው።

እዚህ ላይ «አየህ አባዬ!» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ቆይ። ወረቀት ያስነሣኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ ቱሪን ላይም አንድ ኦፔራ መራ፤ ተወደደለት። ከዚያስ? ሚላን ሄዶ ላ ስካላ በሚባለው የኦፔራ ቤት ውስጥ ቼሎ ተጫዋች ሆኖ ተቀመጠ። ያውም ሁለተኛ ቼሎ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1887 የቬርዲ «ኦቴሎ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ዱላዋን የያዘው ፍራንኮ ፋቾ ነው። ቶስካኒኒ ቼሎውን ጉልበቱ መሃል አድርጎ ታች ነው። ማንም አላስገደደውም። ቬርዲ ልምምዱ ላይ ስለሚገኝ ከቅርብ ሊያየው ፈለገ።

አንድ ቀን የሆነውን ስሚ፤ ራሱ በኋላ ያወራው ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል አራት ቼሎዎች ብቻቸውን የሚጫወቱበት ቦታ አለ። ወረቀቱ ድምፃችሁን በጣም ዝቅ አድርጉ ይላል። እሱም እንደተጻፈው በሹክሹክታ ተጫወተ። ልምምዱ ሲያልቅ የ73 ዓመቱ ቬርዲ መጣና ሁለተኛው ቼሎ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። ልጁ ተነሣ። ድምፅህ በጣም አነሰ፣ ነገ ከፍ አድርገው አለው። ሄደ።

ይሄን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት። ላይ ሆኖ ዱላ ይዞ ቢሆን ይሄን ቃል ማን ይነግረው ነበር?

እኔ ሙዚቃ አላውቅም፣ ጨርቅ ግን አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ አንድ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እተክል፣ ጫፍ እዘመዝም ነበር። አንድ ቀን ባለሱቁ ጋሼ ለቅሶ ሄደና አንድ ደንበኛ ሱሪዬን ብሎ ቆመ። መቀሱን አነሣሁ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ልክክ አለች። ሰውየው ለብሶ ሄደ። በማግስቱ ጋሼ ምንም ሳይናገር የቁልፉን ጣሳ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ።

ሁለት ዓመት እንደዚያ ስዘመዝም ግን አንድ ነገር ገባኝ። የቆራጭ ስህተት ለቆራጩ አይታየውም። ጨርቁ ትንሽ ጠመም ብሎ ቢቆረጥ ጠረጴዛ ላይ ደህና ይመስላል። ዘምዛሚው ጋ ሲደርስ ነው ጫፉ እየተጠማዘዘ እምቢ የሚለው። እኔ ዛሬም መቀስ ሳነሣ እጄ የሚያስበው ያንን ጫፍ ነው። ከኋላ ወንበር ሆነሽ መሪው የቱ ጋ ሲሳሳት እጅሽ እንደሚደናቀፍ ታውቂያለሽ አይደል? እሱ አያውቀውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ኦቴሎ ከታየ በኋላ ልጁ ፓርማ ቤቱ ሄዶ፣ እናቱን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ተንበርከኪና ቬርዲ ለዘላለም ይኑር በዪ አላት ይባላል። እሷም ተንበረከከች አሉ። አንቺ እንዳትሞክሪው፣ የእናትሽን ጉልበት ነግሬሻለሁ። በ1898 እዚያው ላ ስካላ መሪ ሆኖ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው አለ። በርበሬውና ሽሮው ተዘጋጅቷል። እኔም ለኮንሰርታችሁ ጥቁር ቀሚስ ልጀምርልሽ ነው። የላክሽውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ያኛው ቀሚስ ጠቦሻል፤ ቼሎውን ስታቅፊ የጎኑ ስፌት ተወጥሯል። ይሄኛውን ታቹን ሰፋ አድርጌ ነው የምቆርጠው። ቼሎሽን ይዘሽ ተቀመጪና አንዷ ጓደኛሽ ከጉልበት እስከ ጉልበት ትለካሽ። በሴንቲሜትር ይሁን። ባለፈው በኢንች ልከሽ ጉድ ሠርተሽኛል።

አባትሽ