«ተሾሙ» ማለት «ሥራ ጀመሩ» ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አምባሳደሮች ሹመት የምታወጧቸው ዜናዎች ሁለት ቦታ ላይ ይስታሉ።

አንደኛው ጊዜው ነው። ላኪው መንግሥት ዕጩውን ከመረጠ በኋላ የተቀባዩን አገር ይሁንታ በምስጢር ይጠይቃል፤ በሙያው አግሬማን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 4 እንደሚለው ተቀባዩ አገር ይሁንታ ቢነፍግ ምክንያቱን የመንገር ግዴታ የለበትም። በተግባርም «አንቀበልም» የሚል ቁርጥ ያለ መልስ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ዝም ይባላል። ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ወራት ሲሆን ላኪው ይገባውና ሌላ ሰው ያጫል። የዕጩው ስም ቀድሞ በጋዜጣ ከወጣ ግን ነገሩን በጸጥታ መመለስ አይቻልም፤ የሚጎዳውም ምንም ያላጠፋ ዲፕሎማት ነው። እባካችሁ፣ ይሁንታው መገኘቱን ሳታረጋግጡ ስም አታውጡ።

ይሁንታው ከተገኘም ገና የሹመት ደብዳቤው አለ። ከርዕሰ ብሔር ለርዕሰ ብሔር የሚጻፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተሰናባቹ አምባሳደር ወደ አገራቸው መጠራታቸውን ከሚገልጸው የመጥሪያ ደብዳቤ ጋር አብሮ ይቀርባል። አምባሳደሩ እንደደረሱ ግልባጩን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሰጣሉ፤ ዋናው ለርዕሰ ብሔሩ እስኪቀርብ ይጠብቃል። የማዕረግ አጠራር ከተሳሳተ፣ ወይም ደብዳቤው የተጻፈላቸው መሪ በመሐል ከተቀየሩ፣ እንደገና ተጽፎ ይመጣል። በአንዳንድ አገር ሥራ የሚጀመረው ግልባጩ ሲሰጥ ነው፣ በሌላው ዋናው ሲቀርብ። የዚሁ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 13 ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ተቀባዩ አገር ለሁሉም አምባሳደሮች አንዱን ወጥ አድርጎ እስከተከተለ ድረስ። በአምባሳደሮች መካከል ያለው ቅደም ተከተልም የሚቆጠረው ሥራ ከጀመሩበት ቀንና ሰዓት እንጂ ከተሾሙበት ቀን አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የሕይወት ታሪኩ ላይ ነው። ከአታሼ ወደ ሦስተኛ፣ ሁለተኛና አንደኛ ጸሐፊ፣ ከዚያም ወደ አማካሪና ሚኒስትር አማካሪ የሚያልፈውን ረጅም ጉዞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትዘሉታላችሁ። የሰውየው ብቃት ያለው ግን እዚያ ነው፦ እስር ቤት የገባ ዜጋን መጠየቅ፣ የስምምነት ረቂቅ ቃል በቃል ማረም፣ ለዋና መሥሪያ ቤት የማያሳስት ሪፖርት መጻፍ። በተለይ ተጠባባቂ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው የሠሩበትን ጊዜ ጠይቁ። አምባሳደር በሌለበት ኤምባሲውን የሚመራው ይህ ሰው ነው። ራሱን የቻለ የሚስዮን (የኤምባሲ) መሪ ሆኖ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ይዞ ከሚላከው ጉዳይ ፈጻሚ ይለያል፤ በዜናችሁ ሁለቱ ሲደባለቁ አያለሁ።

ከአክብሮት ጋር