«ለፖሊስ መኮንኖች ብቻ» የምትለው መስመር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በእንግሊዝ ስለሚሰጠው የፖሊስ የደኅንነትና ራስን የመከላከል ሥልጠና ያወጣችሁትን ዘገባ እረፍት ሰዓቴ ላይ አነበብኩት። ሻዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። «ሥልጠናው ለፖሊስ መኮንኖች ብቻ ነው» ብላችኋል። «ብቻ»ን ከየት አመጣችኋት?

እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ቃለ መሐላ አልፈጸምኩም። በፖሊስ ማረፊያ ቤት ውስጥ የምሠራ ሲቪል ሠራተኛ ነኝ። ተጠርጣሪ እቀበላለሁ፣ እፈትሻለሁ፣ ምግብ አቀብላለሁ። ሰክሮ የገባውን በየ30 ደቂቃው እየቀሰቀስኩ ደኅና መሆኑን አያለሁ። ይህን ሥልጣን የሚሰጠኝ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የፖሊስ ማሻሻያ ሕግ ነው። ተመጣጣኝ ኃይል መጠቀምም ይፈቅድልኛል። የክፍሉ በር ሲከፈት የሚሰነዘር ቡጢ መኮንን ነሽ ወይስ ሲቪል ብሎ አይጠይቅም።

ሳጅን ማት ራታናን አስታውሱ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2020፣ ለንደን ክሮይደን ውስጥ፣ እዚያው ማረፊያ ቤት በጥይት ተመትተው ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። የተኮሰው ሰው እጁ ወደ ኋላ በካቴና ታስሮ ነበር። ሽጉጡን ብብቱ ሥር ደብቆታል፤ መንገድ ላይ ሲፈተሽ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ሰው በፈተሽኩ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል። እና እናንተ ፍተሻ መማር የእኔ ጉዳይ አይደለም ትሉኛላችሁ?

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረምሳ ውሃ ሳቀብለው አውራ ጣቴን ይዞ ጠመዘዘው። ዓመታዊ ሥልጠናዬ ሁለት ጊዜ ተሰርዞብኝ ነበር። ምክንያቱ የሰው እጥረት ነው ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ሊጥ ማቡካት አቃተኝ። እንጀራ የምትጋግርልኝ ጎረቤቴ ነበረች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ ዘገባችሁን አንብቦ ደወለ። «አንቺ ቢሮ ነሽ እንጂ፣ ሥልጠናው አይመለከትሽም እኮ» አለኝ። ይህን ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ!

ፎቶአችሁም ሁለት ሰው ሲደባደብ ያሳያል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብዙውን ጊዜ የምንማረው ርቀት መጠበቅን፣ የሰውን እጅ ማየትን፣ መናገርን ነው። በደረቱ የተኛን ሰው ቶሎ ወደ ጎኑ ማዞርንም እንማራለን፤ ካልሆነ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ሊሞትም ይችላል። አንድ ሌሊት የእኛ አገር ልጅ ግድግዳ እየደበደበ ገባ። ራቅ ብዬ ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ተረጋጋ ወንድሜ፣ ማንም አይነካህም» አልኩት። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አማርኛው የእናቴ ነው። ራቅ ብሎ መቆሙን የተማርኩት ግን ሥልጠናው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የወጣው ሕግ ለፖሊስ ሥራ የተቀጠረውን ሁሉ ይጠብቃል። በ2022 ከፍተኛው ቅጣት ከ1 ዓመት ወደ 2 ዓመት እስር ከፍ ሲል እኔም ተቆጥሬያለሁ። ሕግ የቆጠረኝን እናንተ በአንዲት ቃል አወጣችሁኝ።

እርማት አውጡ። ስታወጡ ለወንድሜ እልክለታለሁ።

የማረፊያ ቤት ሠራተኛ አንባቢያችሁ፣ ከእንግሊዝ