ናይሮቢ ላለው ወንድሜ፣ ስለ አውራሪስ

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ብርዱ ያው ነው፣ ወርጩ ዘንድሮም የባቄላውን ማሳ ጠብሶት ሄዷል። እማዬ አንተን ሳታነሳ ያለፈ ዓመት በዓል የለም። እንዲህ ተጠፋፍተን መክረማችን ሆዴን ቢያባባውም ዛሬ የጻፍኩልህ ለወቀሳ አይደለም። የአውራሪስ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ይሄንን ደግሞ ከአንተ ሌላ ከማን ጋር ላውጋው?

ለበግ ክትባት መንዝ ወጥቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቡና ጠርተውኝ ጨዋታው ሲደራ የአያታቸውን ጎራዴ ከግድግዳ አውርደው አሳዩኝ። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው። ብዙ እጅ ስለጨበጠው ልስልስ ብሏል። መሃሉ ጥቁር ነው፣ ጠርዙን ወደ በሩ ብርሃን ስታዞረው ግን እንደ ጠጅ ቀላ ብሎ ያሳልፋል። ቀንድ ይባል እንጂ አጥንት የለውም፣ ጥፍራችን ከተሠራበት ከኬራቲን ነው። ባለቤቱ እንስሳ ግን ዛሬ አገራችን ውስጥ የለም። አልቋል።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ሰው አውራሪስን አስሮ ማሳየት የጀመረው ትናንት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የግብፁ ንጉሥ ዳግማዊ በጥሊሞስ እስክንድርያ ላይ ባሳየው ታላቅ ሰልፍ አንድ የኢትዮጵያ አውራሪስ ነበረበት (ያኔ ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን አገር ሁሉ ነው)። በ6ኛው መቶ ዓመት ወደኛ አገር የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ በሕይወት ያለውን ከሩቅ፣ ቆዳው በገለባ ተሞልቶ የቆመውን በንጉሡ ግቢ ውስጥ እንዳየ ጽፏል።

አውሮፓ ለብዙ ዘመን ረስቶት ኖረ። በ1515 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከህንድ ጉጃራት አንዱ ሊዝበን ገባ። ንጉሥ ማኑኤል ከዝሆን ጋር ሊያጋጥመው ቢያወጣው ዝሆኑ ፈርቶ ሮጠ። ከዚያ ለሮማው ጳጳስ በስጦታ ሲላክ ጣሊያን ባሕር ዳር መርከቧ ተሰበረች፣ እሱም በሰንሰለት ታስሮ ስለነበር መዋኘት እየቻለ ሰጠመ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ዱረር እንስሳውን በዓይኑ ሳያይ፣ ከሰው በደረሰው ጽሑፍና ንድፍ ብቻ፣ ጥሩር የለበሰ አስመስሎ ሣለው፤ ጀርባው ላይም ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። ያንን ሥዕል ሰው ከ200 ዓመት በላይ እውነት ነው ብሎ ይዞት ኖረ።

ልቤን የነካችው ግን ክላራ የምትባል አውራሪስ ናት። እናቷን አዳኞች ገደሉባት፣ እሷ ቤንጋል ውስጥ ሰው ቤት አደገች። ቫን ደር ሜር የሚባል የሆላንድ መርከብ ካፒቴን በ1741 ሮተርዳም አስገባትና ከከተማ ከተማ በጋሪ እያዞረ፣ ገንዘብ እያስከፈለ ሲያሳያት ኖረ። በመርከቡ ላይ ቆዳዋ እንዳይደርቅ የዓሣ ዘይት ይቀባት ነበር ይላሉ። ቬኒስ ስትደርስ ሎንጊ የሚባል ሠዓሊ ሥሏታል። ጭምብል ያደረጉ መኳንንት ከአጥር ኋላ ቆመዋል፣ እሷ ድርቆሽ ታላምጣለች፣ ወልቆ የወደቀውን ቀንዷን አንድ ሰው ከፍ አድርጎ ይዞታል። ሥዕሉን ስልኬ ላይ አጉልቼ ሳየው፣ እሷ ማንንም አታይም። በ1758 ለንደን ላይ ሞተች። ካፒቴኑ ሀብት ቢያፈራባትም ተንከባክቧታል፤ በዚያ ዘመን 17 ዓመት በመንገድ ላይ ማቆየት ቀላል አይደለም።

መውለዱ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። የህንዱ አውራሪስ በዘመናዊ የእንስሳት ማቆያ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደው በ1956 ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ነው። ሱማትራ በምትባለው የኢንዶኔዢያ ደሴት ስም የሚጠራውን አውራሪስ ስትሰማ ደግሞ ታዝናለህ፣ በሙያዬ ስለሆነ እኔን ይበልጥ አንገብግቦኛል። ከ1984 ጀምሮ እናድናቸዋለን ተብሎ 40 ያህል ከጫካ ተያዙ፣ አብዛኛዎቹ ሞቱ። አሜሪካ ከገቡት 7ቱ ውስጥ ኋላ ላይ የቀሩት 3 ብቻ ነበሩ። ድርቆሽ ነበራ የሚሰጧቸው! ይሄ እንስሳ ሳር አይግጥም፣ ቅጠል ቀንጥቦ ነው የሚበላው። ሲንሲናቲ በሚባል የአሜሪካ ከተማ የእንስሳት ማቆያ የነበረው ወንዱ ኢፑ ሊሞት ሲል የሾላ ዘር የሆነ ዛፍ ቅጠል ከካሊፎርኒያ በአውሮፕላን አስመጥተው ሰጡት፤ ተነስቶ በላ፣ ዳነ። ሴቷ ኤሚ ደግሞ እንቁላል የምትለቀው ወንዱ ሲገናኛት ብቻ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ደረሱበት። 5 ጊዜ ጨነገፈባት። በመጨረሻ ሆርሞን እየሰጧት በ2001 አንዳላስ ተወለደ፣ በሰው እጅ ከ112 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የእኛ ገበሬ ላሟ ምን እንደምትወድ ጠንቅቆ ያውቃል። እነዚያ ሁሉ ነገሥታትና ካፒቴኖች 2,000 ዓመት ሙሉ ሲያሳዩት የኖሩትን እንስሳ ሆድ ለማወቅ ግን ይሄ ሁሉ ዘመን ፈጀ፣ እኔ ይሄንን መዋጥ አቅቶኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሰሜናዊው ነጭ አውራሪስ ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ናጂንና ልጇ ፋቱ። ሁለቱም የተወለዱት ቼክ አገር ዲቩር ክራሎቬ በሚባል የእንስሳት ማቆያ ነው። በ2009 አየሩና ሳሩ ያባዛቸው ይሆናል ተብሎ ከሁለት ወንዶች ጋር ኬንያ ኦል ፔጄታ ወደሚባል የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ መጡ። አልሆነም። ሱዳን የሚባለው የናጂን አባት መጋቢት 2018 ሞተ። አሁን ከፋቱ እንቁላል እየወሰዱ፣ ከሞቱት ወንዶች የቀረውን በረዶ የሆነ ዘር አዋህደው፣ በደቡባዊ ነጭ አውራሪስ ማኅፀን ለማስረገዝ እየሞከሩ ነው። ተስፋ ቆርጠን የአራዊት ማቆያን ሁሉ እንዳንኮንን የሚያደርገኝ ይሄ ነው፣ ያ ቦታ ባይኖር እነዚህ ሁለቱም ባልኖሩ።

ኦል ፔጄታ ናንዩኪ አጠገብ ነው፣ ከናይሮቢ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ልጆቹን ይዘህ ሂድልኝ። ጠባቂዎቹን የናጂን የኋላ እግር እንዴት እንደሆነ፣ በበጋ ከሳሩ ሌላ ምን እንደሚጨምሩላቸው ጠይቅና ጻፍልኝ፣ ዝርዝሩን ሳትቀንስ። ፎቶም አትርሳ። እማዬ ሰላም ብላሃለች፣ ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው፣
ከደብረ ብርሃን