ስላይዱ ቀይ ከወጣ ቀይ ብለሽ ጻፊ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስለ ማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪው በስልክ ያጫወትሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የተሰጣችሁ ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሯችኋል። ባክቴሪያዎችን ሐምራዊና ቀይ አድርጎ በሚለየው በግራም ዘዴ አቅልመሽ በማይክሮስኮፕ ስታዪው ግን ሐምራዊ መሆን የነበረበት ቀይ ሆኖ አገኘሽው፤ ሪፖርትሽ ላይም ቀይ ብለሽ ጻፍሽ። ጓደኞችሽ ስላይዳቸው ምንም ያሳይ ምን ከመጽሐፉ ገልብጠው «ሐምራዊ» አሉና ሙሉ ነጥብ አገኙ፤ ያንቺ ተቀነሰ። «ከእንግዲህ እኔም እንደነሱ ነው የማደርገው» ያልሽው ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

እባክሽ ልጄ፣ እንዲህ እንዳታደርጊ። ማቅለሙ ላይ ጉድለት ኖሮ ለዚያ ቢቀነስብሽ አልከፋም። ያየሽውን በመጻፍሽ መቀነሱ ግን ፈጽሞ ትክክል አይደለም።

እስቲ ቀለሙ የት እንደጠፋ እንፈልገው። ሐምራዊው ቀለም ክሪስታል ቫዮሌቱና እሱን የሚያጸናው አዮዲን አንድ አንድ ደቂቃ ቆይተው ከሆነ ችግሩ እዚያ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጣጣው ያለው አልኮሉ ላይ ነው። ስላይዱን አዘንብለሽ አልኮሉን ጠብ ጠብ ስታደርጊ፣ ከታች የሚወርደው ሐምራዊነቱን እንዳቆመ ወዲያውኑ በውኃ ማጠብ አለብሽ። ጥቂት ሰከንድ ከዘገየሽ ሐምራዊውን ይዞ መቅረት የነበረበት ግራም ፖዘቲቩም (እንደ ስታፊሎኮከስ ያለው) ቀለሙን ይለቃል፤ ከዚያ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ሳፍራኒን ቀይ ያደርገዋል። ባክቴሪያው ከተዘራ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ከነበረም አንቺ ምንም ሳታጠፊ ቀይ ሊወጣ ይችላል። ስንት ሰዓት የቆየ እንደነበር ጠይቀሻል? ሐንስ ክርስቲያን ግራም ራሱ ዘዴውን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1884 ሲያሳትም፣ ገና ብዙ ጉድለት እንዳለበት እዚያው ጽሑፉ ውስጥ አስፍሯል።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሆስፒታል ላብራቶሪ ነውና ነገሩ ከነጥብ በላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ክረምቱ ሲወጣ የወባ ስላይድ ይደራረብብናል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ስለሚበዛ ብቻ በደንብ ሳያዩ «ፋልሲፓረም» ብሎ መጻፍ ለደከመ ሰው ቀላል ነው። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት የያዘው ሕመምተኛ ግን በጉበቱ የተደበቀውን ተውሳክ የሚያጠፋለትን የፕሪማኩዊን ሕክምና በሙሉ ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላም ትኩሳቱ ያገረሽበታል። ነገ ሐኪም ስትሆኚ መድኃኒት የምታዢው ሌላ ሰው በጻፈው ውጤት ላይ ተመሥርተሽ ነው። ያ ሰው ያላየውን እንዲጽፍልሽ አትፈልጊም።

ስለዚህ ስላይዱን ይዘሽ መምህርሽ ዘንድ ሂጂ። በአክብሮት፣ ግን ሳትፈሪ አስረጂ። ነጥቡን ለማስመለስ ብቻ አትሂጂ፤ ሙከራውን እንድትደግሚ ፈቃድ ጠይቂ። በአንዱ ስላይድ ላይ ስታፊሎኮከሱን፣ ከጎኑ ደግሞ ቀይ መውጣት ያለበትን ባክቴሪያ፣ ኢ. ኮላይን፣ አድርገሽ አብረሽ አቅልሚያቸው። ኢ. ኮላይ ቀይ፣ ስታፊሎኮከሱ ሐምራዊ ከወጡ ማቅለሙ ተስተካክሏል ማለት ነው። ሁለቱም ቀይ ከሆኑ አልኮሉን ቀንሽ፤ ሁለቱም ሐምራዊ ከሆኑ ጥቂት ጨምሪ። የወጣውን ሁሉ፣ ያልተሳካውንም ጭምር፣ ከነምክንያቱ ጻፊው። እንዲህ ያለ ሪፖርት ከተገለበጠው የተሻለ ነጥብ እንደሚገባው ለመምህርሽ ንገሪው፤ አባቴ ብሏል በይው።

የሚልሽን ቶሎ አሳውቂኝ። እናትሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ የሚመጣ ሰው ይዞልሽ ይመጣል።

አባትሽ