ከነነዌ እስከ ፋሲካ ለደገፋችሁን ሁሉ

በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ፤

በ2017 ዓ.ም. የነነዌ ጾም ሳምንት ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ፣ በረዶ የጋገረበት ደረጃ ላይ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ መሰበሩን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ምስጋናዬ የዘገየው ዘንግቼ አይደለም፤ የልጆቹን የዓመት ግምገማ ሳላስገባ ብጽፍ ነገሩ ያላለቀ ስለመሰለኝ ነው።

እንደምታውቁት ሁለቱን ልጆቼን ብቻዬን አሳድጋለሁ፤ የማስተምራቸውም እቤት ነው። ከዓርብ እስከ እሑድ ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ ስለምሠራ የቤታችን ሳምንት የተገለበጠ ነው። ሰኞ እኔ እተኛለሁ፣ ልጆቹ በሹክሹክታ ያነባሉ። ቅዳሜያችን ማክሰኞ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው፣ ቤተ መጻሕፍት የሚኬደው ያን ቀን ነው። ይህን አኗኗር ያልወደዳችሁልኝ እንደነበራችሁ አውቃለሁ። «ልጆቹን ከሰው አራቀቻቸው» መባሉን ሰምቼ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ሰላምታ እስከ መቀነስ ደርሼ ነበር። ከወደቅሁ በኋላ በሬን ቀድማችሁ ያንኳኳችሁት እናንተው ናችሁ።

ሐኪሙ ለ6 ሳምንት እግሬን መሬት እንዳላስነካ ነገረኝ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ እስር ነው። እትዬ፣ ሥራ በምገባባቸው ሌሊቶች እርስዎ ዘንድ ሲያድሩ የኖሩት ልጆች ቀኑንም ጨመሩብዎት፤ አንድ ቀን ፊትዎ ሲጠቁር አላየሁም።

አገር ቤት ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው እዚህ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁት ጋሼ፣ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጡ ነበር። ልጄ ማካፈል ላይ ቀሪ ሲመጣባት የምታለቅስ ናት። እርስዎ መጽሐፏን ዘግተው ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫ ስሌት፣ ጀመሩላት። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመትና 2017 ተደምሮ 7517፤ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ ቀሪው 12፤ አንድ ሲቀነስለት «ወንበር» የሚባለው የስሌቱ መነሻ 11። 11 በ11 ተባዝቶ 121፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለት 30 30 እየተነሣለት ቀሪው ሲያዝ፣ የጨረቃ ትርፍ ቀን የሚባለው አበቅቴ 1። 11 በ19 ተባዝቶ 209፤ በ30 ሲገደፍ በዓላቱን ለማውጣት የሚያገለግለው መጥቅዕ 29። ስትጠላው የኖረችው ቀሪ ራሱ መልስ ሆኖ አገኘችው። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 እንደሚሆኑ የገባት ምሽት አልጋዬ ድረስ እየሮጠች መጣች። በማግስቱ ነነዌ ከገባበት ከየካቲት 3 ተነሥታ እስከ ፋሲካ ያለውን 69 ቀን ቆጠረች፤ ሚያዝያ 12 ላይ ስትደርስ ቀኑን ጀሶዬ ላይ ጻፈችው። «እማዬ፣ ፋሲካን ቆመሽ ታስቀድሻለሽ» አለችኝ። ክራንች ተደግፌም ቢሆን አስቀድሻለሁ።

ባለታክሲው ወንድሜ፣ ልጄን ቻንቲሊ ወዳለው የአየርና የኅዋ ሙዚየም ወስደህ ዲስከቨሪን አሳየኸው። መንኮራኩሯ 39 ጊዜ ኅዋ ደርሳ መመለሷን ቢያንስ 39 ጊዜ ነግሮኛል። የማቆሚያውን 15 ዶላር ልስጥህ ብልህ ተቆጣኸኝ።

ዐቢይ ጾም ስለነበር ምሳ የምትልኩልን እህቶች ሳትነጋገሩ አንድ ቀን ሦስት ሽሮ በአንድ ሰዓት ደረሰልን። የማኅበራችን አባላት የመጋቢትን የቤት ኪራይ ሳልጠይቃችሁ ከፈላችሁ፤ ማን ስንት እንዳዋጣ ብለምናችሁም ዝርዝሩን ከለከላችሁኝ። አሁንም ቅር ይለኛል።

በቨርጂኒያ እቤት የሚማር ልጅ ለውጥ ማሳየቱን የሚገልጽ ማስረጃ እስከ ኦገስት 1 መግባት አለበት፤ ለምሳሌ የፈተና ውጤት፣ ወይም የማስተማር ፈቃድ ያለው ሰው የጻፈው ግምገማ። ገምጋሚዋ መምህርት የልጄን ደብተር ስታገላብጥ የባሕረ ሐሳቡ ገጽ ላይ ቆማ ምንነቱን ጠየቀች። ልጄ በእንግሊዝኛ ለ20 ደቂቃ ያህል አስረዳቻት፤ እኔ አንድ ቃል አልጨመርሁም። ደብዳቤው በጊዜው ገብቷል።

ድስቶቻችሁ ታጥበው ተቀምጠዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤት አለሁ። ጆሮው የተሰበረው ሰማያዊ ድስት ግን ባለቤቱ እስካሁን አልታወቀም።