ስለዚያ የማጽናኛ መልእክት

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንድ ዓመት ከሦስት ወር ድምፄን ያጠፋሁት ታምሜም ተቀይሜም አይደለም፤ አፍሬ ነው። ልደውልልህ ስልኩን ስንቴ አንስቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ።

እናትህ ያረፉ ጊዜ የላክሁልህን መልእክት ታስታውሰዋለህ። ቀብር ውዬ፣ ቀበና ድንኳኑ ውስጥ ከዕድሩ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። አንተ እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌሊት መርዶ እንደተነገረህ ሰምቻለሁ። የምልህ ጠፋኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ቃል ሸጬ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አጣሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከፈትኩና «እናቱ ለሞቱበት የልብ ጓደኛዬ የማጽናኛ መልእክት ጻፍልኝ» አልኩት። ዓይኔን ሳልጨፍን አራት አንቀጽ አወጣ። እኔም እንደ ሥራዬ አረምኩት። ሁለት ቃል ቀየርኩ፣ አንድ ቦታ «አንቺ» ያለውን «አንተ» አደረግሁ፣ ላክሁት። ማታውን እያለቀስክ በድምፅ መለስክልኝ፤ «ከሁሉም ያንተ ነው ልቤ የገባው፣ ለእህቴም አነበብኩላት» አልክ። ከዚያ ወዲያ ምን አፍ አለኝ?

አንተ ደግሞ አውቅሃለሁ፣ ትከራከርልኛለህ። «ለአባቴ ለቅሶ ሙሾ አውራጅ አላስመጣንም ወይ?» ትላለህ። አስመጥተናል። ሴትዮዋ ግን አፏን ከመክፈቷ በፊት ጓዳ ገብታ ስለ አባትህ ስትጠይቅ ነው ያረፈደችው፤ የት እንደዘመቱ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ማንን እንደዳሩ። ተከፍሏት እንደምታለቅስም ድንኳኑ ሁሉ ያውቅ ነበር። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊም እንደዚያው ነው፤ አቤቱታውን ሲያነቡ ዳኛው ባለጉዳዩ ራሱ የጻፈው አይመስላቸውም። የተገዛ ቃል ድሮም ነበረን። እኔ ያደረግሁት ግን የገዛሁትን ከሆዴ እንደወጣ አድርጌ መስጠት ነው።

ሥራው እንዴት ነው ካልከኝ፣ አለ። ግን መተርጎም ሳይሆን ማረም ሆኗል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ፣ መኪናው ልበለው፣ ተርጉሞ ይልክልኛል፣ እኔ አቃናለሁ፣ ክፍያው የድሮው ሲሶ ነው። ባለፈው ለወላድ እናቶች የሚታደል የጤና በራሪ ጽሑፍ መጣልኝ። እንግሊዝኛው ወንድና ሴት ስለማይለይለት «ለስድስት ወር ጡት ማጥባት አለብህ» ይላል! ብቻዬን ሳቅሁ። የሚያስቀኝ ስህተት ግን ከወር ወር እየቀነሰ ነው፣ የሚቀንሰውም በኔው እርማት ይመስለኛል።

አባቴ እኩል አራሽ እንደነበር ታውቃለህ። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ የታወጀባትን ዕለት እስኪሞት ከልደቱ በላይ ያከብራት ነበር። ልጁ ዛሬ የዓረፍተ ነገር ጭሰኛ ሆኖልሃል። ያቃናሁት ይመለሳል፣ የሚቀጥለው ረቂቅ ይሻላል፣ የሚቀጥለው ሒሳብ ይቀንሳል። ዘሩ እንኳ ከኛው የተወሰደ ነው፤ አማርኛውን የተማረው እኛ ስንጽፍ ከኖርነው አይደል? አባቴ ቢያንስ የባለርስቱን ቤት ያውቀው ነበር፣ ደጅ ይጠናል፣ ሲመረው ይረግመዋል። እኔ የማን ደጅ ልጥና? ማሰቢያውን ቺፕ በብዛት የሚነድፈው የአሜሪካው ኤንቪዲያ ነው፣ የሚያመርተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ፤ እጅግ ረቂቅ የሆነውን ቺፕ የሚያትመውን ማሽን ደግሞ በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ የሆላንድ ኩባንያ ብቻ ነው፣ ኤኤስኤምኤል። ሥልጣን እንዲህ ተሰብስቦ አያውቅም ልልህ አልችልም፣ ታሪክ ረጅም ነው። ከኛ እንዲህ ርቆ ግን አላውቅም። ወደኛ የሚደርሰው ጫፉ ነው። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 እንደጻፈው፣ ቻትጂፒቲ ክፉ እንዳይናገር ለማስተማር ያንን ሁሉ ጭካኔና ነውር እያነበቡ ይለዩ የነበሩት ናይሮቢ ያሉ ወጣቶች ነበሩ፤ በሰዓት ከ2 ዶላር በታች።

እውነቱን ለመናገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ የቆረጠኝ ሌላ ነው። ሊ ሴዶል የሚባለውን ኮሪያዊ የ«ጎ» (በሰሌዳ ላይ ጠጠር እየደረደሩ የሚጫወቱት) ጨዋታ ሊቅ ሰምተህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሴኡል ላይ አልፋጎ በሚባል ፕሮግራም 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ በ2019 ጨዋታውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ከሰው አንደኛ ብሆን እንኳ የማይሸነፍ ሌላ አለ፣ ነው ነገሩ። ሰውየውን አልፈርድበትም። እኔም ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት የሚሰማኝ እሱ ነው። ልጄ ደግሞ የዘንድሮ ድርሰቱን በመኪናው ሲያስጽፍ ደርሼበት ስቆጣ፣ «አንተስ አባዬ?» አለኝ። ስለ ሥራዬ ማለቱ ነበር፤ እኔ ግን ያንተን መልእክት ያወቀብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ።

በቆርኪ ዳማ የምንጫወትበት ዛፍ ሥር ዛሬም ሽማግሌዎች አይጠፉም። አንድ ቀን ተቀላቅዬ እውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ ካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ጆናታን ሼፈር የሚባል ሰው ከ1989 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተር ሲያስሰላ ከርሞ፣ የፈረንጆቹን ባለ 64 ቤት ዳማ ፈትቶ እንደጨረሰ አወራሁላቸው። ሁለቱም ካልተሳሳቱ እኩል ለእኩል ይወጣሉ፣ አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝና «ካልተሳሳቱ አልክ? እንግዲያ እኛን አይመለከትም» ብለው ሁለት ቆርኪዬን በአንድ ዝላይ በሉብኝ።

አንተስ? ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዌይሞ የሚባለው ሾፌር የሌለው ታክሲ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለማንም ክፍት ሆኗል። እዚያ ዲሲ ታክሲ የሚነዱት የኛ ልጆች ምን ይላሉ? አንተ ከመሪው ብትወርድ ወደ ምን ትሄዳለህ? ይሄን የምጠይቅህ ለወሬ አይደለም።

አሁን ያኔ ልጽፍልህ የሚገባኝን ልጻፍ። ስድስት ኪሎ ሳለን፣ ያንን የመጀመሪያ ትርጉማችንን እናንተ ቤት ስንሠራ፣ «ፕራይቬሲ» የሚለውን ቃል አማርኛ አጥተንለት ሦስት ቀን ተጣላን። አንተ «ብቻ መሆን» ትላለህ፣ እኔ «ምስጢር» እላለሁ። እናትህ ቡና እያፈሉ ሲሰሙን ቆዩና ምን እንደሆነ አስረዱኝ አሉ። ሰው ቤቱ የሚያደርገውን ሌላው እንዳያይበት፣ ደብዳቤውን እንዳያነብበት፣ አልናቸው። «ገመና አትሉም እንዴ? ለዚህ ነው ሦስት ቀን የጮኻችሁት?» አሉና ሲኒያቸውን ማቅረብ ቀጠሉ። አንተ ወረቀቱን ቀድደህ እንደገና ጀመርክ። ዛሬ መኪናው ቃሉን ስሰጠው «ግላዊነት» ብሎ ወዲያው ይመልሳል። አልተሳሳተም። እኔ ግን ያቺን ቃል ባየሁ ቁጥር የሚሸተኝ የእናትህ ቡና ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ሳለሁ ይህ ሁሉ ትዝ ብሎኝ ነበር። ለምን እንዳልጻፍኩልህ እንጃ። አጭርና ተራ መስሎኝ ይሆናል።

ስልክህ ያው ነው? እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለናንተ እኩለ ቀን ሲሆን፣ እደውላለሁ። ባታነሳውም አልቀየምም፤ የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ እሞክራለሁ።

ያው ወንድምህ